አንድ ጓድ፣ አንድ ጉድለት

ለላሊበላ ከተማ ነዋሪዎች፣ ለመላው የላስታ ሰፊ ሕዝብ፣ እንዲሁም ጉዳዩ ለሚመለከታቸው ሁሉ! ከጥር ወር አሥራ ዘጠኝ መቶ ሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ጀምሮ «ማለቴ» የተባለችው ቃል፣ የአብዮቱን ጊዜ በከንቱ ስታባክን እጅ ከፍንጅ በመያዟ፣ በማናቸውም ስብሰባ፣ ውይይትና የመሠረተ ትምህርት ክፍል ዝር እንዳትል በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ውሳኔው ይግባኝ የለውም።

ይህን ያወጀው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው አስተባባሪ ጓድ ደባሱ ነው። ደባሱ ራሱ «ከዚህ አኳያ» ሳይል ውሃ እንኳ መጠየቅ አይችልም። «ከዚህ አኳያ እስቲ አንድ ጣሳ ጠላ ቅጅልኝ» ሲል ያልሰማው የለም። ግን ማን ደፍሮ ይናገር? «ከዚህ አኳያ» ወንበር ያላት ቃል ናት። «ማለቴ» ግን ዘመድ የሌላት፣ ቢደበድቧት የማትጮህ ምስኪን ነበረች።

እውነቱን ለመናገር በዚያ ከተማ ምላሱ ላይ አንዲት ቃል ያልተጣበቀችበት ሰው አልነበረም። ጨው ነጋዴው አብደላ ሲምልም ሲያስነጥስም «ወላሂ» ነው። መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ ደግሞ «እንዲል መጽሐፍ» ሳይሉ ባለቤታቸውን እንኳ አይቆጡም። «ዛሬስ ወጡ ጨው በዝቶበታል፣ እንዲል መጽሐፍ።»

የምስጋኑ ግን ባሰ። ምስጋኑ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ነው፤ ረጅም፣ ከሲታ፣ ሲናገር እጁን የሚያኖርበት ቦታ የሚጠፋው ወጣት። «ደህና አደራችሁ፣ ማለቴ፣ ብርዱ፣ ማለቴ፣ እንዴት ነው?» ብሎ ነው ፊደል ማስቆጠር የሚጀምረው። ተማሪዎቹ፣ ሽበታም ገበሬዎች፣ ከልባቸው ይወዱታል።

ያቺን ቃሉን ከሁሉ አብልጣ የምትወድለት ግን ይማርሽ ነበረች፤ የመሪጌታ ገብረ ሊባኖስ ልጅ። እሷም አስተማሪ ናት። ሁለቱም የሚያስተምሩት ወደ ነአኩቶ ለአብ ገዳም በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት የሣር ጎጆ ስለነበር፣ ከሰዓት በኋላ አብረው ወደ ከተማ ይመለሳሉ። በዚያ መንገድ ላይ ነው ነገሩ ሁሉ የተጀመረው። ተጀመረ ማለት ከተቻለ።

«ይማርሽ።»

«አቤት።»

«ማለቴ...»

«እ?»

«ማለቴ፣ እንዲያው፣ ማለቴ... ዘንድሮ ገብሱ ጥሩ ነው።»

«ጥሩ ነው።»

«ማለቴ፣ ልል የፈለግሁት ገብሱን አልነበረም።»

«ገብሱም ቢሆን ደግ ነው» ትለዋለች፣ ከንፈሯን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና።

ምን ሊል እንደፈለገ አጥታው አይደለም። በአንዱ «ማለቴ» እና በሚቀጥለው መካከል ግን ሰውን ዓይን ሙሉ የሚያዩበት ጊዜ አለ። እሱ ቃሉን ሊፈልግ ዓይኑን ወደ ገደሉ ሲልክ፣ እሷ ጉንጩን፣ አንገቱን፣ ያቺን የሚያኖርበት ያጣላትን እጁን ታያለች። ብታግዘው ዓረፍተ ነገሩ ያልቃል። ዓረፍተ ነገሩ ካለቀ ደግሞ መንገዱ ያልቃል። ስለዚህ አታግዘውም። መጠበቅ የሚጣፍጠው የሚጠበቀው ነገር የትም የማይሄድ ሲመስል ነው፤ ለይማርሽ እንደዚያ ይመስላት ነበር።

በታኅሣሥ አንድ ቀን ምስጋኑ ቆረጠ። ከመንገዱ መሐል ቆመ።

«ከገና በኋላ፣ ማለቴ፣ ሽማግሌ... ለአባትሽ፣ ማለቴ፣ ሽማግሌ...»

«ሽማግሌ ምን?» አለች፣ ጠንቅቃ እያወቀች።

ላብ አጠመቀው። «ሽማግሌ፣ ማለቴ... ማክበር ጥሩ ነው።»

ይማርሽ ሳቋን መያዝ አቅቷት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እሱም ሳቀ። ሲስቁ ቆዩና ዓይን ለዓይን ተያዩ። ከዚያ በኋላ ማናቸውም የሚጠራጠሩት ነገር አልነበረም።

ያን ሰሞን አባቷ ጠሯት። «ልጄ፣ አንድ የሙጃ ባላገር ለልጁ ለአለሜ ሊጠይቅሽ ነው አሉ። ደህና ዘር ነው። እኔ ደጄ ቀድሞ ለቆመ ሽማግሌ ነው ጆሮዬን የምሰጠው፣ እንዲል መጽሐፍ። አንች ያየሽው ሰው ካለ ሳይረፍድበት ይምጣ።»

«ይመጣል፣ አባባ» አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

«አፍ አለው?»

«አለው... አንዳንዴ።»

ገና ደረሰ። ምስጋኑ የደብተራ ልጅ ነውና እግሩ አላስችል አለው፤ ኩታውን አጣፍቶ ከካህናቱ ጋር ቤተ ማርያም ገደል ጫፍ ላይ ቆሞ የልደቱን ዝማሬ ቤዛ ኩሉ ዘመረ። እዚያ ላይ «ማለቴ» የለም፤ ድምፁ እንደ ምንጭ ውሃ ይወርድ ነበር። ይማርሽ ከሴቶቹ መሐል ሆና አየችው። የሚያሳዝነው ነገር ደባሱም አይቶታል።

ወሬውን ያመጣችው ባንችይርጋ ናት፤ የይማርሽ ጓደኛ፣ እሷም አስተማሪ፣ ከጆሮዋ ምንም ወሬ የማያመልጣት። «አንች ይማርሽ፣ ጉድሽን ስሚ! ደባሱ ቅዳሜ በሂስና ግለ ሂሱ ስብሰባ ላይ ምስጋኑን ሊያነሳው ነው። ‹ሕዝብ አንቃ ሲባል ከቄስ ጋር የሚያሸበሽብ አድኃሪ› ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። ከኔ ሰማሁ ብትይ ግን እኔም አለቀልኝ።»

ይማርሽ ቀዘቀዘች። ባለፈው ዓመት በእንዲህ ያለ ነገር ሂስ የተደረገ አንድ አስተማሪ ወደ ወልድያ ተወስዶ፣ እናቱ እስካሁን ስንቅ ይዛ ትመላለሳለች።

ሂሱ ግን አንድ ሕግ ነበረው። ጉባኤው እየረዘመ ምሳው ቢሻግትበት፣ ደባሱ ራሱ ያወጣው ሕግ ነው፤ አንድ ጓድ፣ አንድ ጉድለት። በአንድ ሰው ላይ አንድ ጉድለት ተነስቶ ድምፅ ከተሰጠበት፣ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። የምስጋኑን ተራ ቀድሞ የሚበላው ሰው ያስፈልግ ነበር።

ይማርሽ ጉድለት ስትፈልግለት ሰነበተች። ያረፍዳል ብትል አሻጥር ነው። ያንቀላፋል ብትል አብዮቱን ንቋል። ማንንም የማያሳስር፣ ማንንም የማያስቆጣ ጉድለቱ አንድ ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ደባሱ ጉሮሮውን ሲጠርግ ዘላ ተነሳች። «ጓድ ሰብሳቢ! በጓድ ምስጋኑ ላይ ሂስ አለኝ!»

ምስጋኑ ቀና ብሎ አያት። ሊስቅ ዳድቶት ነበር።

«ጓድ ምስጋኑ ‹ማለቴ› ያበዛል። ‹ደህና አደራችሁ፣ ማለቴ፣ ብርዱ፣ ማለቴ› እያለ ጊዜያችንን ይፈጃል።»

አዳራሹ ሳቀ። እዚህ ላይ መቀመጥ ነበረባት፤ ይበቃ ነበር። ሳቅ ግን ለደነገጠ ሰው እንደ አረቄ ነው፤ አንድ መለኪያ ሲሉ ሁለተኛው ራሱ ይቀዳል። ፍርሃቷ እየለቀቃት፣ ሰዉ እየጣማት መጣ። አንገቷን እንደሱ አስግጋ፣ እጇን እንደሱ የምታኖርበት ያጣች አስመስላ ቀጠለች።

«‹ማለቴ፣ ዘንድሮ ገብሱ ጥሩ ነው... ሽማግሌ፣ ማለቴ... ሽማግሌ ማክበር ጥሩ ነው!›»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አብደላ «ወላሂ፣ ቁርጥ እሱን!» እያለ ጭኑን መታ። አያ አራጋው፣ የከተማው ትልቅ አስታራቂ፣ እንባቸውን ጠረጉ። ምስጋኑ ብቻ አልሳቀም። ይማርሽን አያት፤ ንዴት ቢሆን ኖሮ ይሻላት ነበር። ደጁን ከፍቶ ተኝቶ፣ ቤቱ ተዘርፎ የነቃ ሰው ዓይነት አስተያየት ነበር።

«ከዚህ አኳያ» አለ ደባሱ ተቻኩሎ፣ «በዚሁ ጓድ ላይ እኔም...»

«አንድ ጓድ፣ አንድ ጉድለት!» ጮኸ ሰዉ፣ ምሳው ትዝ ብሎት። ደባሱ በገዛ ሕጉ ታንቆ ተቀመጠ። እጅ ወጣ፤ ተወሰነ። ምስጋኑ ግለ ሂሱን እንዲያደርግ ተጠየቀ።

ተነሳ። «ተቀብያለሁ» አለ። ተቀመጠ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከተማው ሌላ ሥራ ያጣ ይመስል ነበር። ለምስጋኑ ሰላምታ የሚሰጠው ሁሉ «ዋ፣ ማለቴ!» ነው። በመንገድ ላይ ይማርሽ ከጎኑ ስትሆን፣ እሱ ከገበሬዎቹ ጋር ይቀላቀላል። በሰው ፊት የደባሱን ነገር ብታነሳ ባንችይርጋን ማስበላት ነው። ትንሽም ኩራት ነበረባት። «ይበርድለታል» አለች ለራሷ። «ያን ጊዜ እነግረዋለሁ።»

አንድ ማለዳ ባንችይርጋ እየሳቀች መጣች።

«ያንች ሰው ምን እንዳደረገ ሰማሽ? አያ አራጋው ቤት ሄደልሽ። ገና ከበር ሲያዩት ‹ና ግባ ማለቴ!› አሉት። ተቀምጠው የነበሩት ደግሞ ‹ሽማግሌ ማክበር ጥሩ ነው!› ብለው አንድ ላይ ሆ አሉ። እሱ ቆሞ ቆሞ ምን ቢል ጥሩ ነው? ‹ቀንበር እንዲያውሱኝ ነው›!»

«ቀንበር?»

«ቀንበር! ‹በሬ አለህና?› ቢሉት ‹የለኝም› አለ። ተሸክሞት ሄደ እኮ፣ በመስቀል!»

ይማርሽም ሳቀች። ከልቧ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቋርጣ ጠየቀች።

«ምን ለብሶ ነበር?»

«ነጭ በነጭ። ኩታውን አጣፍቶ። ለምን ጠየቅሽኝ?»

ቀንበር ሊዋስ ኩታ አጣፍቶ የሚሄድ ሰው የለም። ሽማግሌ ሊለምን የሄደ ሰው ግን እንደዚያ ነው የሚለብሰው።

ይማርሽ ወደሚያስተምሩባት ጎጆ ስትሮጥ ምስጋኑ የለም፤ ዝውውር ለምኖ ወደ ብልባላ ሄዷል። የሙጃ ሽማግሌዎች እሁድ እንደሚመጡ ተቀጥሯል። ለብልባላ ገበያ የምትወርደውን ባንችይርጋን እጇን ይዛ ለመነቻት።

«የደባሱን ነገር ሁሉ ንገሪው። ማስመሰሉ ግን የኔ ጥፋት ነው፣ ይቅር ይበለኝ በይው። ሽማግሌ ቢያጣ ብቻውን ይምጣ። አባባ ይሰሙታል።»

ባንችይርጋ ተመልሳ «ነገርሁት» አለች። «ጸጥ ብሎ ሰማኝ። ‹እመጣለሁ› ብሏል። ሌላ ቃል አልጨመረም፤ ‹እመጣለሁ› ብቻ።»

እሁድ የሙጃዎቹ ሽማግሌዎች ዘንጋቸውን ተደግፈው ደጅ ቆሙ። ሽማግሌ መልስ ሳይሰማ አይቀመጥምና፣ መሪጌታ የልጃቸውን ፊት አዩና ነገር ማስረዘም ጀመሩ። ዘራቸውን እስከ ምንጅላት ጠየቁ። የዝናሙን፣ የከብቱን፣ የሙጃን ገደል ጠየቁ፤ ሁሉንም «እንዲል መጽሐፍ» እያሉ። ፀሐይ ዞረች። የሽማግሌዎቹ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ይማርሽ ከጓዳ ሆና በግድግዳው ስንጥቅ የብልባላን መንገድ ታያለች። አህያ መጣ። አንዲት ሴት ማገዶ ይዛ መጣች። ሌላ ማንም አልመጣም።

አባቷ ወደ ጓዳ ገቡ። «ልጄ፣ እነዚህን ሰዎች ከዚህ በላይ ባቆማቸው ነውር ነው።»

«ያስቀምጧቸው፣ አባባ» አለች።

አለሜ ክፉ ሰው አልነበረም። ጥጋቡንም፣ ድርቁንም አብረው አዩ። ልጆች ወለዱ። ማታ ማታ ሲያወራት ቶሎ ቶሎ፣ ሳያደናቅፈው ያወራል፤ እሷ የምትሰማው በግማሽ ጆሮዋ ነበር።

ከድርቁ በኋላ መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ አረፉ። ለተዝካራቸው ላሊበላ በመጣች ጊዜ፣ ከድንኳኑ ደጃፍ ምስጋኑን አገኘችው። ጠጉሩ ያለ ዕድሜው ሸብቷል። የብልባላ ትምህርት ቤት ኃላፊ ሆኗል አሉ።

«እግዜር ያጥናሽ። አባትሽ ትልቅ ሰው ነበሩ» አለ። እንደ ሬዲዮ ዜና የጠራ አነጋገር ነበር። ይማርሽ ያ ጥራት አመማት።

«ባንችይርጋ ያን ጊዜ መልእክቴን አድርሳልህ ነበር?»

«አድርሳለች።»

«ስለ ደባሱም?»

«ስለ ደባሱም።»

«ይቅርታ ማለቴንስ?»

«እሱንም ነግራኛለች። ይቅርም ብዬሻለሁ፣ የዚያኑ ዕለት።»

ይማርሽ ነጠላዋን ጨበጠች። እነዚያን ዓመታት ሁሉ ወይ መልእክቱ አልደረሰውም፣ ወይ ቂሙ አልለቀቀውም እያለች ነበር የኖረችው። ሁለቱም አልነበረም።

«እመጣለሁ ብለህ ነበር።»

«ብዬ ነበር።»

«አባባ ሽማግሌ ያህል ሰው ፀሐይ ላይ ያቆሙት ላንተ ነበር። ይቅር ካልኸኝ፣ ሁሉን ካወቅህ፣ ታዲያ ምን ያዘህ?»

ምስጋኑ ድንኳኑን አየ፣ ሰዉን አየ፣ በመጨረሻ እሷን አየ።

«አልናገርም» አለ።

«እስከ አሁን? ለእኔም?»

«ላንችም ቢሆን አልናገርም።» ይማርሽ በሁለቱ «አልናገርም» መካከል «ማለቴ»ን ጠበቀች፤ አልመጣችም።