የዶክተር ኦንጌኔ ምሳ

ይህ ታሪክ እውነት ካልሆነ ምላሴ ይቆረጥ! ያየሁት በእነዚህ ዓይኖቼ ነው፤ እነሱ ደግሞ ከያውንዴ ሆነው ዱዋላ ወደብ የቆመ መርከብን ቀለም ይለያሉ። እኔ ዛንጋ፣ የስኳር ሕመም ምርምር ቤቱ ሾፌር፣ ዶክተር ኦንጌኔን ወንበራቸው ላይ ሞተው ያገኘኋቸው እኔ ነኝ። አጠገባቸው ያልተነካ ምሳ ነበር። ቀዝቅዞ ነበር፤ አዎ፣ በረዶ ሆኖ ነበር።

ፖሊስ ነርሷን ሶላንጅን ያዘ። ጠዋት ከዶክተሩ ጋር ስትጨቃጨቅ ተሰምታለች፤ ከማቀዝቀዣውም አንድ ብልቃጥ ኢንሱሊን ጎድሏል። የሁለት ልጆች እናት ወህኒ ልትወርድ ስትል ኢንስፔክተር ኤዲማ ደረሰች። ይቺ ሴት ግድግዳ ላይ ብታፈጥ ግድግዳው ይናዘዛል!

«በምን ተጣላችሁ?» አለቻት።

«በባዶ ሆድዎ ያንን የሚሞክሩትን ክኒን አይዋጡ ስላልኳቸው ነው እኮ!»

«ብልቃጡስ?»

ሶላንጅ አቀረቀረች። «ለእናቴ ወሰድኩት። ሌባ በይኝ፤ ገዳይ ግን አይደለሁም።»

ኤዲማ ወደ እኔ ዞረች። «ምሳውን ማን አመጣው?»

«እኔ ነኛ!»

«መቼ?»

«በሰዓቱ! እንዲያውም ቀደም ብዬ!»

በሦስተኛው ቀን ሁላችንንም ሰብስባ የደም ምርመራውን ወረቀት ዘረጋች።

«የቆሽት ሴል ኢንሱሊንን የሚሠራው ከረዘም ያለ ነገር ላይ ቆርጦ ነው። ኢንሱሊኑንም ትርፍራፊውንም በአንድ ትንሽ ከረጢት ያስቀምጣል፤ ስኳር ሲመጣ ሁለቱን አብሮ ይለቃል። የመርፌው ኢንሱሊን ግን ትርፍራፊ የለውም። በሟቹ ደም ውስጥ ትርፍራፊው ሞልቷል። ስለዚህ መርፌ አልተወጉም።»

«ታዲያ ማን ገደላቸው?» አልኩ። ላብ አጥምቆኝ ነበር፤ ሙቀቱ ነው።

«የገዛ ሴሎቻቸው። ክኒኑ ስኳር ሳይኖር ከረጢቶቹን አስከፈታቸው፤ የፈሰሰው ኢንሱሊን የደማቸውን ስኳር አሟጦ ገደላቸው። ሙከራውን በራሳቸው ላይ ነበር የሚሠሩት፤ ቀትር ላይ መብላት ነበረባቸው። ምሳው አጠገባቸው ሆኖ በሥራ ተጠምደው ረሱት።»

ሶላንጅ ተለቀቀች፤ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ከእሷ የበለጠ፣ ባልዲ ሙሉ።

ትናንት ይህን ለሺህኛ ጊዜ ያወራሁት ከምርምር ቤቱ አጠገብ፣ ምሳውን በሠራችው በማማ ንጎኖ ምግብ ቤት ነበር። ሰዉ ሲያጨበጭብ፣ ድስቷን ማጠቧን ሳታቆም፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠራችኝ።

«ዛንጋ ወንድሜ፣ ጩኸትህን ሰምቼ ስደርስ እኮ ሳህኑ ገና ይተን ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ ውሰድላቸው ብዬህ፣ እስከ ዘጠኝ እዚህችው ወንበር ላይ ስለ ገደልከው ነብር ስታወራ ዋልክ። ሁለቴ አሞቅኩት።»