ያልተበየደው ግድግዳ

ፈሪ መሃል ይቀመጥ፤ ደፋር ጀርባውን ለጨለማው ይስጥ። ጀመርኩ።

ከምሽቱ አምስት ሰዓት ነው። ጨረቃ የለችም። መንገዱ አቧራማ ዳገት ነው፤ ግራው ገደል፣ ቀኙ ቋጥኝ። በዚያ ዳገት አንድ ሰው ብቻውን ይወጣል። ፈንታሁን ይባላል፤ መካኒክ ነው። ቤቱ ከታች ነው። ታዲያ በዚህ ሰዓት ወደ ላይ ምን ያስኬደዋል? እስቲ ንገሩኝ፣ ምን ያስኬደዋል?

ወንድሙ ነዋ! ልየው። ሹፌሩ ልየው። በዚያ ዳገት ላይ ከነመኪናው የተቃጠለው ልየው። አርባው እንኳ ገና አልደረሰም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሁለቱ ወንድማማቾች የጭነት መኪና ሞተሩ ትንሽ ነበር። ዳገት ላይ እንደ አስም በሽተኛ ያቃስታል። ፈንታሁን ከአንድ የተሰባበረ ትልቅ መኪና ላይ ሌላ ሞተር ፈትቶ አመጣ። ቢለካው ግን በአንድ ስንዝር ረዘመ! አልገባም። ምን ይደረግ? ግድግዳው ይቆረጣላ። ግድግዳ ስላችሁ የቤት እንዳይመስላችሁ፤ በሞተሩና በሹፌሩ እግር መካከል የቆመውን ላሜራ ነው የምላችሁ። ሥራው ምንድን ነው? እሳትን "ወዲህ አትምጣ" ማለት ነው። እሱን ትቆርጡና ወደ ጋቢናው የገባ የብረት ሳጥን ትሠራላችሁ፤ የሞተሩ ጀርባ እዚያ ይገባል። ሳጥኑ ዙሪያውን ይበየዳል። መርፌ የምታሾልክ ቀዳዳ መቅረት የለባትም። አንዲት እንኳ!

ፈንታሁን ላዩን በየደ። ጎንና ጎኑን በየደ። ከታች ሲደርስ የመበየጃው ዘንግ፣ ኤሌክትሮዱ፣ አለቀበት። ነገ ደግሞ ገበያ ነው። የዘይት ጣሳ ቀጥቅጦ ለጊዜው ደፈነው፤ ምንጣፍ አለበሰው።

"አንተ መካኒክ፣ ጨረስክ ወይስ ልታረጅበት ነው?" አለ ልየው እየሳቀ።

"ጨርሻለሁ።"

"ተበይዷል?"

"ተበይዷል አልኩህ! ይልቅ አንተ መንዳቱን ቻልበት።"

አያችሁ? ሲመለስ እበይደዋለሁ ብሎ ነው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ታናሹ ፊት "አልጨረስኩም" ማለት አሳፍሮት ነው። ልየው ግን አልተመለሰም። ዳገቱ ላይ ዘይት ፈሰሰና በጋለው ጭስ ማውጫ ላይ ነደደ፤ እሳቱ ያንን ጣሳ እንደ ወረቀት በልቶ ገባ። ሰው ሁሉ "ዕጣው ነው" አለ። የጣሳውን ነገር የሚያውቀው ፈንታሁን ብቻ ነው።

ከተቀበረ ከሦስት ቀን በኋላ፣ በሌሊት፣ ከዳገቱ ላይ የሞተር ድምፅ መጣ። የማንም መኪና ሊሆን ይችላል ትሉኛላችሁ። እሱ ግን በገዛ እጁ የገጠመው ሞተር ድምፁ ይጠፋዋል? ወጣ። ምንም የለም። በማግሥቱ ወጣ፤ የተቃጠለ ጎማ ሸተተው። በሦስተኛው ወጣ፤ ሁለት የደበዘዙ መብራቶች አየ። ዛሬስ? ዛሬ መኪናው መንገድ ዳር ቆሞ ያጓራል። የጋቢናው በር ተከፈተ።

"ወንድም ጋሼ፣ ግባ እንጂ! ብርድ ላይ ምን ያቆምሃል?"

ልየው ነው። ፊቱ እንደ ድሮው ነው። ከጉልበቱ በታች ግን ጭስ ብቻ ነው። ፈንታሁን ሮጠ? አልሮጠም። ገባ። ገብቶ አጠገቡ ተቀመጠ።

"ይኼ ሞተርህ ጉድ ነው፤ ዳገቱን ሜዳ አደረገው!" አለ ልየው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ወደ ታች አየ። "እግሬን ግን ያቃጥለኛል፣ ወንድም ጋሼ። ተበይዷል አይደል?"

አይ እናንተ! ምን ይበለው? "ተበይዷል" ቢለው ልየው ነገም ይመጣል። ከነገ ወዲያም ይመጣል። እየነደደ ይመጣል። እውነቱን ቢነግረው ደግሞ... ይሄዳል፤ ዳግም አይመለስም። ፈንታሁን ይህ ገብቶታል። ወንድሙን አየው። ደግሞ አየው። እስኪጠግበው ሊያየው ፈለገ፤ ወንድም ግን ታይቶ ይጠገባል?

"አልተበየደም" አለ። "ከታች ጣሳ ነው። ዋሽቼህ ነው፣ ልየው።"

ሞተሩ ጠፋ። ልየው እጁን ከመሪው ላይ አነሳ።

"ብትነግረኝ እኮ አንድ ቀን እንጠብቅ ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "ገበያው የት ይሄዳል?"

በሩን ከፍቶ ወረደ። በሁለት እግሩ ወረደ! ገደሉ አፋፍ ሲደርስ እንደ ጉም ተበተነ። ፈንታሁን ዞር ቢል መኪና የለም። የተቀመጠው ድንጋይ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ልየው አልመጣም። ፈንታሁን ግን በየሌሊቱ ወጣ። ጸጉሩ እስኪሸብት ወጣ። እስኪሞት ወጣ። ከሞተ በኋላስ?

ከሞተም በኋላ ይወጣል።

በዚያ ዳገት በጨለማ ሰው ካገኘ "የመኪና ድምፅ ሰማህ?" ይለዋል። ድምፁ ያሳዝናል። "አልሰማሁም" ካላችሁት አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ብቻውን የሚሄድ ሰው ግን ሆዱ ይባባል። "አዎ አባባ፣ አሁን ወደ ላይ አለፈ" ይለዋል። ያኔ ክንዱን አፈፍ! "በል አብረን እንድረስበት!" አይለቅም። እስከ ዛሬ የለቀቀው ሰው የለም።

ስለዚህ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። አንዱ ሲራራ፣ ሌላው አፉን ይያዝለት።