የማዶው ጠላ ምስክር

በዘምባር ቤተ መንግሥት ከቆሙት ሰባት ታላላቅ ጋኖች አንዱ ማንም ሳይነካው ለሁለት ተሰነጠቀ። ጠቢባኑ ሦስት ቀን ሙሉ መከሩና ጥፋቱን ስም በሌላቸው ጠላዎች ላይ ጣሉት። ንጉሥ ዘርአዳርም ምትሃታዊ ማኅተሙን አንስቶ እንዲህ ሲል አወጀ፦ «እስከ መከር በዓል ጀንበር መጥለቂያ ድረስ ስሙ በወርቅ ብራናዬ ላይ ያልሰፈረ ጠላ፣ ጥንስሱ ይሙት! ዳግመኛም አይፍላ!» በብራናው ላይ የነበሩት ስሞች ደግሞ ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ነጭ፣ ጥቁርና ጉሽ።

አዋጁ ከጉልማ ወንዝ ወዲህ የምትኖረውን ወጣቷን ጠማቂ ትርንጎን አንጀቷን አሳረራት። የእናቷ ጠላ ብቅሉ ዘጠኝ ቀን በጥድ ጭስ የታጠነ ነው። እናቷ ሁለት ጊዜ ዋና ከተማ ድረስ ተሸክማው ሄዳ፣ ሁለቱንም ጊዜ «የተበላሸ ጥቁር ነው» ተብላ ተመልሳለች። የተበላሸ! የከተማውን ጠላ ያልመሰለ ሁሉ ተበላሸ የሚባለው በማን ሕግ ነው? ትርንጎ እንስራዋን አዝላ፣ ጦሯን ጨብጣ፣ «ስሙን ሳላስጽፍ ብመለስ የጠባሁት ጡት ይፋረደኝ!» ብላ ማለች።

መንገድ ላይ ላቀው የሚባል የወንዙ ማዶ ጎልማሳ ተቀላቀላት። እሱም እንስራ አዝሏል፤ የእነሱ ጠላ በቀይ ማሽላ የሚጠመቅ ነው። ለጠላቸው የራሱ ስም እንዲወጣለት ፈልጎ እንደሚሄድ ሲነግራት ትርንጎ ሳቀች።

«የምን ስም? የእናንተ እኮ የእኛው ነው፤ ማሽላ ከታችሁ አበላሻችሁት እንጂ።»

«እስቲ ቅመሺና ፍረጂ።»

«ምን ቆርጦኝ!»

«እንግዲያው ያንቺን አቅምሺኝ» አላት። በኩራት ቀዳችለት። ላቀው ዓይኑን ጨፍኖ ጠጣ። «እውነትሽን ነው፤ ይኼ ሌላ ነው» አላት። በማግስቱም፣ በሦስተኛው ቀንም የራሱን ቅል እየሞላ ዘረጋላት። እሷ ግን እጇን አልሰነዘረችም። ስለ ከተማው ቀማሾች ትዕቢት እየተብከነከነች መንገዷን ቀጠለች።

በአምስተኛው ቀን የአንቆ በር ላይ ጉርዝም ጠበቃቸው። ጉርዝም የብቅል ሽታ ከሰባት ተራራ ማዶ የሚጠራው፣ በሬ የሚያክል፣ ቅርፊታም አውሬ ነው። ዘሎ ትርንጎን በደረቷ ደፋትና ጥፍሩን ወደ እንስራዋ ሰነዘረ። ላቀው ለማሰብ ጊዜ አልነበረውም። የራሱን እንስራ ከጀርባው አውርዶ በአውሬው ግንባር ላይ ከሰከሰው። ጉርዝሙ ቀዩን ጠላ ሊልስ አንገቱን ሲደፋ ትርንጎ ተነሥታ ጦሯን ጉሮሮው ላይ ሰካች፤ አውሬውም ተራራውን በሚያናውጥ ጩኸት ወደቀ።

«ሌላ ትጠምቃለህ» አለችው እያለከለከች።

«በዓሉ እኮ ነገ ነው» አለና ገሉን በእግሩ ገፋ አደረገው።

በማግስቱ በቤተ መንግሥቱ አዳራሽ ውስጥ ሊቀ ቀማሹ ከትርንጎ ጠላ አንዴ ፉት ብለው ፊታቸውን አጨማደዱ። «የተበላሸ ጥቁር» አሉ።

«ጌታዬ፣ ሦስተኛ ጊዜያችን ነው!» ብላ ጮኸች ትርንጎ። «ጥቁር ለመሆን ያልተጠመቀ ጠላ እንዴት ተበላሽቶ ጥቁር ይሆናል?»

«ጠማቂ ለራሱ አይመሰክርም፤ ሕጋችን ነው» አሉ ሊቀ ቀማሹ። «ከሌላ አገር የመጣ፣ ጠላውን የቀመሰ ሰው እጁን በእውነት ድንጋይ ላይ አኑሮ ልዩነቱን ይናገር። የዋሸ እንደሆነ ምላሱ ትደርቃለች።»

ላቀው ሳይጠሩት ወደ ፊት ወጣ። እጁን በድንጋዩ ላይ አኖረና፣ «መጀመሪያ ጭሱ ይመጣል። ቀጥሎ ኮምጠጥ ብሎ መንጋጋ ይይዛል። ጥቁር ጠላ ሲዋጥ ያልቃል፤ ይኼ ግን ከተዋጠ በኋላ ነው የሚጀምረው» አለ። ድንጋዩ በራ። ጸሐፊው ብዕሩን ነክሮ በወርቁ ብራና ላይ አራተኛውን ስም «የጉልማ ጭስ» ብሎ ጻፈ፤ አዳራሹም በእልልታ ተናወጠ።

«ሌላስ ጠላ አለ?» ሲሉ ጠየቁ ሊቀ ቀማሹ።

«አለ!» አለች ትርንጎ፣ ደስታዋ ገና ሳይበርድ። «የማዶው የማሽላ ጠላ አለ። እኔን ለማዳን ሲል መንገድ ላይ አፈሰሰው።»

«ምስክር ካለው ይበቃል። እንግዲህ አንቺ እጅሽን አኑሪ፣ ልጄ። ምን ምን ይላል?»

እጇን አኖረች። ድንጋዩ ይቀዘቅዛል። አምስት ቀን ሙሉ አጠገቧ የነበረ ጠላ! ሕጉ አፉን የለጎመው ላቀው በተስፋ ያያታል። አንድ ቃል፣ አንዲት ጣዕም ፈለገች፤ ምንም የላትም። በራሷ ላይ እንዲህ ተናዳ አታውቅም።

«አልቀመስኩትም» አለች።

ጸሐፊው ብራናውን ጠቀለለ። ጀንበር ስትጠልቅ ከጉልማ ማዶ ባሉ ጋኖች ሁሉ ይፈላ የነበረው ጥንስስ ጸጥ አለ።

ላቀውን የአዳራሹ ደረጃ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። «እንኳን ደስ ያለሽ» አላት፣ ከልቡ። ብትሰደብ ይሻላት ነበር። አጠገቡ ተቀመጠችና፣ «ላቀው፣ ምን ምን ይል ነበር?» አለችው።

ዞሮ አያት።

«አሁን ነው የምትጠይቂኝ?»