የማክሰኞው አረንጓዴ

መምህር ዋለ ከአሥራ ሁለት ቤተሰብ ጉንዳን ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ተዘግተው ሞቱ። ጉንዳኖቹ ደህና ነበሩ። የከሰል ጢስ የሚጣላው ከሰው ደም ጋር ነው።

ኢንስፔክተር ሉሊት ረቡዕ ረፋድ ላይ መካነ ሰላም ካለው ግቢያቸው ስትደርስ አስከሬኑ አሁንም በሩ ሥር ነበር። ጡረተኛው የባዮሎጂ መምህር የእህል ጎተራቸውን የጉንዳን ማርቢያ ካደረጉት ስምንት ዓመት ሆኗል። መስኮት የለውም፤ መቀርቀሪያው ያለው በውጭ በኩል ነው። መሐል ወለሉ ላይ አመድ የሞላው የከሰል ምድጃ ተቀምጧል። መደርደሪያው ላይ ከጀሶ የተቀረጹ፣ ፊታቸው በመስታወት የተከደነ አሥራ አንድ የጉንዳን ቤቶች ተደርድረዋል። አሥራ ሁለተኛው ደቅቆ ከሟቹ እጅ አጠገብ ወድቋል፤ የበሩም ውስጠኛ ገጽ በጀሶ ነጥቷል።

ሉሊት በሩን ትክ ብላ አየችው። ጉንዳን እንዳይረግጡ እግራቸውን እየመረጡ የሚያሳርፉ ሰው የጉንዳን ቤት አንስተው በር ደብድበዋል። በሩ ተቀርቅሮባቸው ነበር ማለት ነው፤ ሲገኙ ግን መቀርቀሪያው ተከፍቷል።

የወረዳው ፖሊስ ነገሩን ጨርሶ ነበር የጠበቃት፤ በቅልጥፍናውም ሳይኮራ አልቀረም። ግቢው ውስጥ ተከራይቶ የሚኖረውን ጀሶ ሠሪ አሕመድኑርን በካቴና አስሮታል።

«እሑድ ዕለት በሰው ፊት፣ ‹አንድ ቀን ከነጉንዳንዎ እዘጋብዎታለሁ› ብሏቸዋል» አላት።

«ንዴት ነው!» አለ አሕመድኑር። «አንዱን የጉንዳን ቤት አራቴ አፍርሰው አሠሩኝ። ሰኞ ማሻ ከተማ ነበርኩ፤ እዚያው አድሬ ማክሰኞ ቀትር ላይ ነው የተመለስኩት። ወላሂ፣ አርብ ኒካሕ አለብኝ! ሰው ገድሎ የሚያገባ አለ?»

«ይኖራል» አለች ሉሊት። «አንተ መሆንህን ግን ገና አላወቅኩም። አብሽር።»

መምህሩ የሞቱት ሰኞ ከሆነ አሕመድኑር ነፃ ነው። ማክሰኞ ከሆነ ግን ሙሽራይቱ ሌላ ትፈልግ። የሰውየው ዕድል በአንድ ቀን ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ቀኑን የተናገረችው የሟቹ ታናሽ እህት አሰጋሽ ናት። ከአሥራ ሰባት ዓመቷ ጀምሮ ሃያ ሦስት ዓመት የወንድሟን ቤት ይዛለች።

«ማክሰኞ ንጋት ላይ ደህና ነበሩ» አለች። «አረንጓዴውን ውሃ ከደጃፉ አቀበልኳቸውና አቀስታ ከተማ ሄድኩ። ዛሬ ስመለስ ነው እንዲህ ሆነው ያገኘኋቸው።»

«የምን አረንጓዴ?»

«የስኳር ውሃ ነው። ሰኞ ቀይ፣ ማክሰኞ አረንጓዴ፣ ረቡዕ ሰማያዊ፤ በሌላው ቀን ቀለም የለውም። ጉንዳኖቹ ሲጠጡት ሆዳቸው ይነፋና ቀለሙ ከውጭ ይታያል። የአንዷ ምግብ ለስንቱ እንደሚዳረስ ለማወቅ ነው። ማድቤት የምበጠብጠው እኔ ነኝ።»

«ገብተው አይተዋቸው ያውቃሉ?»

«እኔ? ከደጃፉ አላልፍም። ትንፋሽሽ ያውካቸዋል ይሉኛል።»

ሦስተኛው ሰው የአጥር ጎረቤቱ አባባ በላይ ናቸው። አምና ከዚህ ያመለጠ ጉንዳን ሁለት ቀፎ ንባቸውን ፈጅቶባቸዋል።

«ተቀያይመናል። እሱ ቤት እግሬን ካነሳሁ ዓመት አለፈኝ» አሉ።

«ስለ ቀለሙ ውሃ ያውቃሉ?»

«የምን ቀለም፣ ልጄ? የኔ ንቦች የወንዝ ውሃ ነው የሚጠጡት።»

«ማክሰኞ ጠዋትስ ምን ሰሙ?»

«ምንም። የገረመኝም እሱ ነው። አሰጋሽ ከግቢ በወጣች ቁጥር ‹ጋሼ፣ ወጣ ልበል?› ትላለች። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰምቻታለሁ። ማክሰኞ ሳትል ወጣች።»

ሉሊት ወደ ጎተራው ተመልሳ የሟቹን አጉሊ መነጽር አነሳች። እያንዳንዱ የጉንዳን ቤት በቀጭን ቱቦ ከመመገቢያ ሣጥን ጋር ተያይዟል። ሣጥኖቹ ውስጥ ያሉት ትናንሽ ሳህኖች አረንጓዴ ውሃ እስከ አፋቸው ሞልተዋል። በመስታወቱ ስታይ ጉንዳኖቹ ቱቦው አፍ ላይ ተደራርበው ይርመሰመሳሉ፤ መውጫቸው በጥጥ ተወትፏል። የሁሉም ሆድ ቀይ ነው። ወዲያው አሕመድኑርን አስጠራችው።

«ይኼ ጥጥ ምንድን ነው?»

«የማታ መዝጊያ ነው። ጀንበር ስትጠልቅ ይወትፉታል። ጠዋት መጀመሪያ ጥጡን ይነቅላሉ፣ ከዚያ ነው ውሃውን የሚያኖሩት። ሳግዛቸው ቅደም ተከተሉን ካፋለስኩ ያባርሩኝ ነበር።»

«ቀለሙ ሆዳቸው ውስጥ ስንት ቀን ይቆያል?»

«ሁለት ሦስት ቀን። አዲስ ከጠጡ ግን ይደባለቃል።»

ቀትር ላይ ሦስቱም ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። የኅዳር ፀሐይ ብትወጣም ብርዱን አልሰበረችውም።

«ሳህኑ ላይ ያለው የማክሰኞ አረንጓዴ ነው» አለች ሉሊት። «የጉንዳኖቹ ሆድ ውስጥ ያለው ግን የሰኞ ቀይ ብቻ ነው። አሥራ አንዱም ጥጥ አልተነቀለም። መምህር ዋለ ማክሰኞን ቢያዩት ኖሮ እጃቸው መጀመሪያ የሚሄደው ጥጡ ላይ ነበር። ሰኞ ማታ ወትፈው ሳይወጡ በሩ ተቀረቀረባቸው። አረንጓዴውን ያኖረው ሌላ ሰው ነው፤ በሕይወት ያደሩ ለማስመሰል።»

«ማን?» አሉ አባባ በላይ።

«እርስዎ የቀኑን ቀለም አያውቁም። አሕመድኑር ቢሆን ጥጡን አይረሳም፤ ቱቦውን የሠራው እሱ ነው። የቀረን ቀለሙን የሚበጠብጥ፣ የውስጡን ሥራ ግን አይቶ የማያውቅ ሰው ነው። ማክሰኞም ፈቃድ ሳይጠይቅ ወጥቷል፤ የሚፈቅድ እንደሌለ ያውቅ ነበርና።»

አሰጋሽ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ልገድላቸው አልነበረም» አለች። «እሑድ ከአቀስታ ሽማግሌ መጣልኝ። አራተኛው ነው። ጋሼ ‹ቤቴን ማን ይይዝልኛል?› ብለው መለሷቸው። ሰኞ ማታ ቀረቀርኩባቸው። እሺ እስኪሉኝ፣ ለአንድ ሌሊት ብቻ። ተዘግቶ መኖርን ይቅመሱት ብዬ።»

«ከሰሉስ?»

«እንዳይበርዳቸው።»

አሰጋሽ ቀጠለች።

«ሲደበድቡ ጆሮዬን ደፈንኩ። ሲያቆሙ እንቅልፍ ወሰዳቸው አልኩ። ንጋት ላይ ከፈትኩ… አቀስታ ሄጄ ሽማግሌ ከላከልኝ ሰውዬ ደጅ ደረስኩ። ማንኳኳት አቃተኝ።»

ሉሊት ግን መጠየቅ ነበረባት።

«ለአሕመድኑርስ የእስር ቤቱን በር ማን ሊከፍትለት ነበር፣ እትዬ አሰጋሽ?»

ፖሊሱ አንገቱን ደፍቶ ካቴናውን ከአሕመድኑር እጅ ፈታና በአሰጋሽ እጅ ላይ አሰረ።

አሕመድኑር የእጁን አንጓ እያሸ ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ጎተራው ገባ። አሥራ አንዱን ጥጥ አንድ በአንድ ነቀለ። ጉንዳኖቹ በቱቦው ጎርፈው አረንጓዴውን ከበቡት።

አሰጋሽ ከግቢው በር ደፍ ላይ ስትደርስ እግሯ ቆመ። ፖሊሱ ክንዷን ቢስባትም አልተንቀሳቀሰችም። ወደ ጎተራው ዞረች።

«ጋሼ፣ ወጣ ልበል?»

አባባ በላይ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ውጪ፣ ልጄ» አሏት።

ወጣች።