ከደጁ ውጭ የቀላው አፈር

ውሸት ከመሰላችሁ እንጅባራ አጠገብ ጥርባ ድረስ ሄዳችሁ ጉድጓዱን እዩት። እኔ በቁሜ ተቀብሬበት የወጣሁ ሰው ነኝ!

ኅዳር ላይ ነው። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት... ጉሙ ከዘንገና ሐይቅ በኩል እየተሳበ ይመጣል።

የምንቆፍረው ጥንት የተቃጠለ መቅደስ ነው፤ እኔ ጉድጓዱ ውስጥ ነኝ፣ ከደጁ በውስጥ በኩል። የተቃጠለ አፈር ደግሞ ለእኔ ጋዜጣ ማለት ነው። ዮርዳኖስ በረሃ የጥንቶቹን ዓረቦች፣ የናባታውያንን ቤተ መቅደስ ስንቆፍር አመዱን ቀምሼ እሳቱ ከየት እንደተነሳ ብናገር፣ ፕሮፌሰሮቹ አልቅሰዋል።

እሺ... አንዱ ነው ያለቀሰው።

ላይ ሆኖ የቀርከሃ መሰላሉን የሚጠብቅልኝ አበልጄ ይኸነው ነው። ልጄን ክርስትና ያነሳ! የቀኝ ቦቲው ሶል ተቀዶ በመኪና ጎማ ቁራጭ አስጠግኖ፣ ሦስት ሚስማር አስመትቶበታል።

"ምን አየህ?" አለኝ በሹክሹክታ።

"በእሳት የቀላው አፈር ከደጁ ውጭ ነው። ደጁን የሚዘጋው የመወርወሪያ እንጨት ከሰልም በውጭ በኩል ነው የወደቀው።"

"እና?"

"ሰዎቹ ውስጥ ሳሉ ደጁን ከውጭ ዘግቶ የለኮሰው... ጠብቀን ብለው ያቆሙት ሰው ነዋ!"



"ነገ ለሚመጡት የቁፋሮው ኃላፊዎች ማን ያስረዳል?"

"እኔ ነኛ! አፈሩን ያነበበ ቁፋሮውን ይመራል ተብሏል እኮ።"

"ለሌላ ሰው ነግረሃል?"

"ላንተ ብቻ።"

መሰላሉ ተነሳ።

ሰው ጉድጓድ ውስጥ እያለ መሰላል አይነሳም። የሥራችን መሐላ ነው።

"አንተ! አትቀልድ!"

ለዝናብ የምንከድንበት ሸራ ተዘረጋብኝ። ድንጋይ ተጫነበት።

"እስከ ነገ ብቻ ነው፣ አበልጅ። አንድ ቀን እንኳ እኔ ላውራ።"

ከጨለማው ይልቅ ያመመኝ... ድምፁ አለመንቀጥቀጡ ነው።

ከደጁ ጎን ያለውን የጉድጓዱን ግድግዳ ተደገፍኩ።

አፈሩ ሞቋል።

ስንት ዘመን የቀዘቀዘ አፈር!

ከደጁ ወዲያ፣ ገና ካልቆፈርነው አፈር ውስጥ... ይንኳኳል።

ቀስ ብሎ።

ከዚያ ከላይ... ጧ! ጧ! ቀርከሃ ሲቃጠል እንደሚፈነዳው።

"ይኸነው?"

ማንኳኳቱ ቆመ።

እንጅባራ ድረስ የሚሰማ ጩኸት ጮኽኩ። ሸራውን የገለጠችው አፈር የምትነፋልን እናትነሽ ናት።

"ይኸነውስ?"

"ጋሼ፣ አብራችሁ አልነበራችሁ እንዴ? እዚህ ማንም የለም። መሰላሉም የለም።"

ገመድ ወረወረችልኝ። የስልኳን መብራት ወደ ታች አበራች።

ከደጁ ውጭ የግድግዳው አፈር ትንሽ ተንዷል። መጥረጊያችን ገና ያልነካው፣ ጥንት የተጠበሰው ቀይ አፈር ተገልጧል...

ውስጡ የቀርከሃ መሰላል ከሰል።

አጠገቡ፣ ከአፈሩ ጋር አብሮ ተጠብሶ ድንጋይ የሆነ የቀኝ ቦቲ ዱካ...

የሦስት ሚስማር ምልክት ያለበት።

ዱካው ፊቱን ወደ ደጁ አዙሯል።