አንዷ በማውስ፣ አንዷ በኪቦርድ

«እጅሽን ሰብስቢ! ማውሱ የእኔ ነው» አለች ቀጮ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

ድንቡሼ እጇን ሰበሰበች። ለመጨቃጨቅ አቅም አልነበራትም። ከጠዋት ጀምራ የታናናሾቿን ልብስ ስታጥብ ውላ ጣቶቿ ተጨማደዋል፤ ወገቧ ለሁለት የሚሰበር ይመስላታል።

በወጣት ማዕከሉ ጠባብ ክፍል ኮምፒውተሮቹ ከተማሪው ስለሚያንሱ ሁሉም ሁለት ሁለት ሆኖ ነው የሚማረው። እነሱ ደግሞ ገና በመጀመሪያው ቀን ሥራውን ተከፋፍለውታል፤ ማውሱ ለቀጮ፣ ኪቦርዱ ለድንቡሼ። አንዷ ትከፍታለች፣ አንዷ ትጽፋለች፣ ያቺው የከፈተችው ሴቭ ታደርጋለች። የሚቀድማቸው የለም። «እናንተ ልጆች አንድ ሰው ናችሁ እንዴ?» ትላቸዋለች መምህርቷ። እነሱም እንደ ሙገሳ ይቆጥሩታል።

ዛሬ ግን መምህርቷ ጉሮሮዋን ጠረገችና፣ «ነገ ፈተና ነው» አለች። «አንድ ሰው፣ አንድ ኮምፒውተር። ደብዳቤ ጽፋችሁ፣ አስተካክላችሁ፣ ፕሪንት ታደርጋላችሁ። የወደቀ ቦታውን ውጭ ለሚጠብቁት ይለቃል።»

«ለየብቻ ነው ቲቸር?» አለ ከኋላ የተቀመጠው ቀልደኛ።

«አይ፣ ከነቤተሰብህ።»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ቀጮ አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ ሹክ አለቻት፤ «ስሚ፣ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ቲቸር ዞር ስትል አንቺ የእኔን ትጽፊያለሽ፣ እኔ የአንቺን አስተካክላለሁ። በቃ፣ አለቀ።»

«ካየችንስ?»

«ስንቱን ታያለች? አትፍሪ ባክሽ!»

«እሺ» አለች ድንቡሼ። እሺ ማለት ይቀል ነበር። ያማራት ቤት ገብቶ መተኛት ብቻ ነው።

ከዚያ የሰፈራቸው ፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ትዝ አለቻት። የድንቡሼ እናት በስንት ደጅ ጥናት ነው «ፈተናውን ትለፍና ከትምህርት መልስ እየመጣች ትጻፍልኝ» ያሰኘቻት። ሱቋ አንድ ጠረጴዛና አንድ ወንበር ናት። ድንቡሼ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቃት፣ ማውሱ ላይ አፍጥጣ ስትቀር ታያት።

«ተነሺ» አለች።

«የት ልሂድ?»

«ወንበር እንቀያየር። ማውሱን ልያዝ።»

«አብደሻል? ሰዓቱ ሊያልቅ ነው እኮ! ደሞ ደክሞኛል ስትዪ አልነበር?»

«ደክሞኛል። ተነሺ።»

«የነገውን ተነጋግረን የለም እንዴ?»

«ተይው የነገውን። ሱቁ ውስጥ አንቺ የለሽም።»

ቀጮ እያጉረመረመች ተነሳች። ድንቡሼ ማውሱን ገፋ ስታደርገው ጠቋሚዋ ቀስት ሽው ብላ ስክሪኑ ጥግ ገባች፤ ከዚያ ጨርሶ ጠፋች።

«ኧረ አንደኞቹን ዛሬ ምን ነካቸው!» አለ ቀልደኛው። ሌሎቹም ዞረው አዩአቸው። የድንቡሼ ፊት ጋለ።

ቀጮ በአንድ ጣቷ ኪቦርዱ ላይ ትንከራተታለች። «ይቺ ‹በ› የት አባቷ ነው የገባችው?»

የድንቡሼ እጅ በልማዱ ሊጠቁማት ተነሳ። መንገድ ላይ አስቆመችውና መልሳ ማውሱ ላይ አሳረፈችው።

«ፈልጊያት» አለች። እሷም ቀስቷን ፍለጋ ቀጠለች።