የታጠበው መዶሻ

ጡረተኛው የመጋዘን ኃላፊ ከዕቃ ቤቱ መሰላል ሥር በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ላየው ሰው ከመሰላል የወደቀ ሽማግሌ ይመስል ነበር። ሐኪሙ ግን ጭንቅላቱን አገላብጦ መርምሮ ሲያበቃ «ወለል እንዲህ አይመታም። ይህ የመዶሻ ሥራ ነው» አለ።

መርማሪዋ ቤቱን ገና ከደጁ ስታየው ጠላችው። ጫማዎቹ በቁመታቸው ተሰልፈዋል፤ በየጣሳው ላይ የያዘው ነገር ስም ተለጥፏል። እሷ የቤቷን ቁልፍ በየማለዳው ከልብስ ክምር ውስጥ እየማሰች የምታወጣ ሴት ናትና እንዲህ ያለ ቤት ሲያጋጥማት የተሰደበች ያህል ይከነክናታል።

ሟቹን ጎረቤት «ቦታው» እያለ ነበር የሚጠራው። የመጋዘን ልማዱን ቤቱ ድረስ ይዞ ገብቶ፣ አንድ ማንኪያ ያለቦታዋ ባደረች ቁጥር «ቦታው የት ነው?» እያለ ሁለት ልጆቹን በቁንጥጫ ያሳደገ ሰው ነው።

መዶሻውን ያገኘችው ሁለተኛ ሚስቱ ናት። ከምድጃው አጠገብ ካለው መሳቢያ፣ ከተተኮሱት ፎጣዎች መሀል፣ ታጥቦና ደርቆ።

«ከሱቅ ስመለስ ወድቆ አገኘሁት» አለች፤ ድምፅዋ ሰልሏል። «ደሙን ልጠርግለት ፎጣ ሳወጣ እጄን ነካኝ።»

«ይስሟት!» አለች ሴት ልጁ ከበሩ ላይ ሆና። ነርስ ናት፤ ፎቅ ላይ ከአባቷ ጋር ትኖራለች። «ራሷ ደብቃ ራሷ ታወጣለች! እማዬ ከሞተች በኋላ መጥታ ቤቱን ገለባበጠችው። አሁን ደግሞ አባባን! ምን ይጠብቃሉ፣ አያስሯትም?»

«አንቺ የት ነበርሽ?»

«ከአዳር ሥራ ገብቼ ተኝቼ ነበር። ሊጠረጥሩኝ ነው?»

መርማሪዋ ሁሉንም ትጠረጥራለች፤ ለዚህ ነው ደሞዝ የሚከፈላት። አለቃዋ ግን ስልክ ደውሎ፣ ሚስትየዋን ሳይመሽ ጣቢያ እንድታመጣት አዟታል። ካቴና የያዘ ፖሊስም በሩ ላይ ቆሟል። መርማሪዋ ቦርሳዋን አንስታ «ዚፑ አልከፈት አለኝ» አለች። «ፒንሳ አይጠፋም መቼም?»

ሚስትየዋ ሳታመነታ ዕቃ ቤት ገባች። ከበሩ ኋላ ባለው ግድግዳ ላይ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ የእያንዳንዱ መሣሪያ ቅርጽ በቦታው ተስሎበታል። ፒንሳውን አውጥታ ሰጠቻት። ትንሽ ቆይቶ መርማሪዋ ዚፑን መልሳ አጣብቃ ልጅቷን ጠየቀቻት። እሷም እያጉረመረመች ወደዚያው ሰሌዳ ሄደች። መርማሪዋ ከመሰላሉ አጠገብ የነበረውን ልብስ የሞላ ጆንያ ወደ ጣቢያ አስወሰደች።

ወንድ ልጁ ከሰዓት በኋላ እሳት ጎርሶ ደረሰ።

«ይህቺ ሴትዮ እስካሁን እዚህ ምን ትሠራለች?»

«አባትህን መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?»

«ከተኳረፍን ዓመት አልፎናል። ከዚያ ወዲህ ይህን ደጅ አልረገጥኩም።»

«ነፍስ ይማር። ይኸ ዚፕ እኮ አስቸገረኝ፤ ፒንሳ ብታቀብለኝ?»

ወጥ ቤት ገብቶ ከምድጃው አጠገብ ያለውን መሳቢያ ሳበው። ፎጣዎቹን ሲያይ ለአፍታ ደርቆ ቆመ፤ ከዚያ መሳቢያውን ገፍትሮ ዘጋና «የለም» አለ።

መርማሪዋ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ሁለቱ ልጆች አንድ ሶፋ ላይ ተጠጋግተው የእንጀራ እናታቸውን በዓይናቸው ይበሏታል።

«ሌላ ሰው ቢሆን መዶሻውን ይዞ ይሮጥ ነበር፤ ወይ የሆነ ቦታ ይወረውረዋል» አለች መርማሪዋ። «ይህ ገዳይ ግን አጥቦ፣ አድርቆ መለሰው። ነፍስ አጥፍቶ፣ ምን ውስጥ እንደሚከት እንኳ ሳያይ፣ በልማድ ዕቃ የሚመልስ ማን ነው? እዚህ ቤት ተቆንጥጦ ያደገ።»

«እኔን ነው?» ልጅቷ ብድግ አለች።

«ተቀመጪ። እንጀራ እናትሽ እንደነገረችኝ ያ መሳቢያ ድሮ የመሣሪያ ነበር። እሳቸው መሣሪያውን ወደ ሰሌዳው ካዛወሩት ወራት ሆኖታል፤ አንቺም ከዚያ መሳቢያ በየቀኑ ፎጣ ታወጫለሽ። ፒንሳ ስላችሁ ሁለታችሁም ሰሌዳው ዘንድ ሄዳችሁ።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «አንተ ወደ መሳቢያው ሄድክ።»

«ዓመት ሙሉ አልመጣሁማ! በምን ላውቅ?»

«እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ከዚህ ቤት ሰው አዲሱን ቦታ የማያውቀው አንተ ብቻ ነህ። መዶሻውን የመለሰውም አያውቅም ነበር።»

«በመሳቢያ ነው ሰው የሚፈረደው?» ጮኸ፤ የአንገቱ ሥር ተገታተረ። «እሷን አትጠይቁም? የእናቴን ልብስ በጆንያ ጠቅጥቃ ልታስጥል የነበረችውን!»

መርማሪዋ ቦርሳዋን አስቀመጠች።

«ጆንያውን ማን ነገረህ?» አለች መርማሪዋ። «አንተ ሳትመጣ ነው ወደ ጣቢያ ያስወሰድኩት።»

ሰውዬው ዓይኑን ወደ ወለሉ ሰበረ። ሲናገር ድምፁ ሌላ ሰው የሚናገር ይመስል ነበር።

«ልታረቀው ነው የመጣሁት። ሚስማር ሊመታ መሰላል ያቆማል። ጆንያው አፉን ከፍቶ አጠገቡ ተቀምጧል፤ የእማዬ ሰማያዊ ቀሚስ ከላይ ይታያል። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ዞሮ እንኳ ሳያየኝ ‹ይሄ እዚህ ቤት ቦታ የለውም› አለኝ። መዶሻው መደርደሪያው ላይ ነበር።»

«ቀሚሱ የኔ ነው» አለች ሚስትየዋ።

ዞሮ አፈጠጠባት።

«የእናታችሁ ልብስ ዕቃ ቤት ውስጥ ሊሻግት ሆነ። አባታችሁ ፎቁ ላይ ቁም ሳጥን ውስጥ ስቀይው አለኝ። ቦታ እንዲኖር የራሴን አወጣሁ።»

«ውሸት ነው!» አለና እህቱን ተመለከተ።

ልጅቷ ከሶፋው ተነስታ ከሱ ራቀች። «እማዬ ሰማያዊ ለብሳ አታውቅም» አለችው። «አንድ ቀን እንኳ። ይህን እንዴት ታጣዋለህ?»

«የታለ የሷ? አንዴ ልየው» ብሎ ወደ ፎቁ ደረጃ ሮጠ። እህቱ ቀድማው ደረሰች፤ ከጠዋት ጀምሮ ሚስትየዋን እሰሩልኝ ስትል የዋለችው ልጅ ሁለት እጇን ዘርግታ መንገዱን ዘጋችበት።

«አትወጣም» አለችው። «አባባን በገደልክበት እጅ የእማዬን ልብስ አትነካም።»

መርማሪዋ ፖሊሱን በዓይኗ ጠቀሰችው፤ እሱም ካቴናውን ይዞ መጣ።